ጠይቁን፦ ከጨጓራ ቀዶ ሕክምና በፊት ያሉት 14 ቀናት

ለውፍረት ቅነሳ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የተያዘላቸው ሰዎች «ለሁለት ሳምንት ፈሳሽ ብቻ» የሚል ወረቀት ይዘው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ወረቀቱ አጭር ነው። የሐዋሳ ወጥ ቤት ግን ቡላ አለበት፣ አጥሚት አለበት፣ የጎረቤት ላም ወተት ይገባበታል፣ መብራትም ይጠፋበታል። የዚህ ወር ጥያቄዎች ሁሉ ከሐዋሳ የተላኩልን ናቸው። ከታች ያሉት መጠኖች በብዙ ሆስፒታሎች የሚሠራባቸው ናቸው፤ ሐኪማችሁ የሰጣችሁ ወረቀት ከኛ ጋር ከተጋጨ ግን ወረቀቱን ተከተሉ።

«አጥሚትም ፈሳሽ አይደል?»

ጥያቄ፦ የ38 ዓመት ሴት ነኝ፤ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው የምኖረው። ጨጓራ የማሳነስ ቀዶ ሕክምና (ስሊቭ) አዲስ አበባ ሊሠራልኝ ነው። ፈሳሽ ብቻ ስለተባልኩ እህቴ ጠዋት የአጃ አጥሚት፣ ከሰዓት ቡላ በወተት፣ ማታ ቀጠን ያለ ሽሮ ትሠራልኛለች። በመሐል አቮካዶ ጁስ እጠጣለሁ። ይኸው አምስት ቀኔ፤ ግማሽ ኪሎ እንኳን አልቀነስኩም። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ የእህትዎ እጅ ይባረክ፤ የሠራችልዎት ግን የአራስ ምግብ ነው። አጥሚት የደከመ ሰው እንዲያገግምበት፣ አራስም ወተት እንዲመጣላት የሚጠጣ ነው። እርስዎ አሁን የሚፈልጉት የዚያን ተቃራኒ ነው።

ይህ ፈሳሽ ምግብ የሚታዘዘው ወገብ ለማቅጠን ሳይሆን ጉበት ለማሳነስ ነው። የጉበት ግራ ክፍል የጨጓራን የላይኛውን ጫፍ እንደ ክዳን ሸፍኖት ይቀመጣል። ሐኪሙ በካሜራና በቀጫጭን መሣሪያዎች ሲሠራ ይህን ክዳን ወደ ላይ አንስቶ መያዝ አለበት። ውፍረት የጠናበት ሰው ጉበት ብዙውን ጊዜ ስብ ስለሚቋጥር ይተልቃል፣ ይከብዳል፣ ሲነካም በቀላሉ ይደማል። አልነሳ ካለ ሐኪሙ ጨጓራውን በደንብ አያየውም፤ ያኔ ወይ ሆድ በሰፊው ይከፈታል፣ ወይ ሥራው ቆሞ ሌላ ቀጠሮ ይሰጣል።

ጉበትን የሚያሳብጠው ስብ ብቻም አይደለም። ከእንጀራ፣ ከስኳር፣ ከቡላ ያገኘውን ካርቦሃይድሬት ግላይኮጅን አድርጎ ያከማቻል፤ አንዱ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ካርቦሃይድሬቱ ሲቋረጥበት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይህ ክምችት ከነውሃው ይወጣል፣ ስቡም ይከተላል። ስለዚህ ወጡ ቀጠነ ወፈረ ሳይሆን ምን አለበት ነው ጥያቄው። የተለመደው ልክ በቀን ከ800 እስከ 1000 ካሎሪ፣ ካርቦሃይድሬት ከ100 ግራም በታች፣ ፕሮቲን ከ60 እስከ 80 ግራም ነው።

እስቲ የእርስዎን ቀን እንመዝነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄትና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር የገባበት አንድ ብርጭቆ የአጃ አጥሚት 45 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለው። ሁለት ብርጭቆ ከጠጡ የቀኑ ድርሻ አለቀ ማለት ነው። ቡላ ከእንሰት የሚጨመቅ ንጹሕ ስታርች ነው፤ ፕሮቲኑ ከቁጥር አይገባም። ሽሮ ፕሮቲን አይጠፋበትም፤ ይሁንና ከዱቄቱ ከግማሽ የሚበልጠው ካርቦሃይድሬት ነው፣ ዘይቱ ደግሞ ለብቻው አለ። ጁሱማ ከሁሉም ይብሳል። 200 ግራም አቮካዶ ብቻውን 320 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ሁለት ማንኪያ ስኳር ሲታከልበት 420 ይደርሳል። በአንድ ብርጭቆ የቀንዎን ግማሽ ጠጡት ማለት ነው። ስፕሪስ ቢያደርጉትም ያው ነው። በሶና የማር ውሃም ከዚሁ ወገን ናቸው።

የሚፈቀደው ቅባቱ የወጣ ወተት፣ ስኳር የሌለው እርጎ፣ በውሃ ወይም በወተት የሚበጠበጥ የፕሮቲን ዱቄት፣ የተጣራ መረቅ፣ ውሃ፣ ስኳር የሌለው ሻይና ቡና ነው። የፕሮቲን ዱቄት ሲገዙ የጀርባውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ አንድ መስፈሪያ ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን፣ ካርቦሃይድሬቱ ደግሞ ከ5 ግራም ያልበለጠ ይሁን። ስፖርት ቤት አካባቢ ክብደት ለመጨመር ተብሎ የሚሸጠው ትልቁ ጣሳ ሌላ ነገር ነው፤ በስኳርና በስታርች የተሞላ ነው። ፋርማሲ ውስጥ ለደከመ ሕመምተኛ የሚሸጠው የዱቄት ምግብም እንዲሁ ስኳሩ ይበዛል።

መረቅን በተመለከተ ሐዋሳ ላይ መኖር ይጠቅማል። አሞራ ገደል ዓሣ ሲበለት የሚቀረውን የቆሮሶ ጭንቅላትና አጥንት ይግዙ። ስንጥቡን አውጥተው ይጣሉት፤ ከቀረ መረቁን ያመረዋል። በደንብ አጥበው 1 ኪሎውን በ2 ሊትር ውሃ፣ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከአንድ ቃርያ ጋር ለ40 ደቂቃ በዝግታ ያፍሉት። ጨው በሊትር ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ የደም ግፊት ካለብዎ ሐኪምዎ ያለዎትን ይከተሉ። በወንፊት ላይ ንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ዘርግተው ያጥሉት። ፍሪጅ ሲያድር ላዩ ላይ የሚረጋውን ስብ በማንኪያ ይግፈፉ። ድንች፣ ሩዝ፣ መኮሮኒ አይገባበትም። ዘመድ «መረቅ ጠጥታለች» ብሎ ወተቱን እንዳያስቀርብዎት ግን ይጠንቀቁ። የተጣራ መረቅ ጨውና ውሃ ይሰጣል፣ አፍ ያጣፍጣል፤ ፕሮቲኑ በብርጭቆ ጥቂት ግራም ብቻ ነው። የቀኑን ፕሮቲን የሚሸከመው ወተቱ ነው።

አምስቱን ቀን ለሐኪምዎ ሳይደብቁ ይንገሩ። ጉበት ቶሎ የሚያንሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ስለሆነ ቀሪዎቹ ዘጠኝ ቀናት ብዙ ያደርጋሉ። ቀጠሮውን በጥቂት ቀን መግፋት ቢያስፈልግም ውሳኔው የእርሳቸው ነው።

የጎረቤት ወተት

ጥያቄ፦ የወተት ዳየት ታዝዞልኛል። ሀይቅ ዳር ነው ቤቴ፤ ከጎረቤት በየቀኑ 2 ሊትር የላም ወተት አገኛለሁ። ልክ እንደታለበ መጠጣት ይሻላል ወይስ ፈልቶ? አሬራ ብተካውስ? ሆዴ ደግሞ በጣም ይነፋብኛል፣ ይጮኻል፤ ሁለት ቀን አስቀምጦኛል።

መልስ፦ ጥሬውን በፍጹም አይጠጡ። ብሩሴሎሲስ የሚባለው የከብት በሽታና የከብት ቲቢ (ሳንባ ነቀርሳ) በጥሬ ወተት ይተላለፋሉ፤ ለቀዶ ሕክምና በሚዘጋጅ ሰው ላይ ትኩሳት መጣ ማለት ቀጠሮው ተሰረዘ ማለት ነው።

ወተት ገነፈለ ማለት ፈላ ማለት አይደለም። አረፋው ቀድሞ ይነሳና ያታልላል። እሳቱን ቀንሰው እያማሰሉ፣ ከመሐል ሲንተከተክ ካዩ በኋላ 2 ወይም 3 ደቂቃ ያቆዩት። ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ አስቀምጠው ቶሎ ያብርዱትና ከድነው ፍሪጅ ያሳድሩት። ጠዋት ሰልባቦቱ ወፍሮ ይጠብቅዎታል፤ በጭልፋ ይግፈፉት። ትንሽ ቆይተው ሁለተኛ ይግፈፉት። ሰልባቦቱን ለልጆች ይስጡ፤ «እንዳይባክን» ተብሎ የሚላሰው ማንኪያ ልፋትዎን ያፈርሰዋል። ቤት ውስጥ የተገፈፈ ወተት ቅባቱ ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ ግን ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሰባት ብርጭቆ ያልተገፈፈ ወተት ከ1000 ካሎሪ ያልፋል፤ የተገፈፈው 800 አካባቢ ይሆናል።

መጠኑ ሰባት ብርጭቆ ነው፤ ብርጭቆው 250 ሚሊ ሊትር ይሁን፣ ድምሩ 1 ሊትር ከ750። አንዱ ብርጭቆ 8 ግራም ፕሮቲንና 12 ግራም የወተት ስኳር አለው። ስለዚህ ቀኑ 56 ግራም ፕሮቲንና 84 ግራም ካርቦሃይድሬት ይሆናል። ፕሮቲኑን 60 ለማሻገር ከብርጭቆዎቹ በአንዱ ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቅባት የወጣለት የዱቄት ወተት ይበጥብጡበት። በሰዓት ይክፈሉት፦ ጠዋት 1፣ 3፣ 5፤ ቀን 7፣ 9፣ 11፤ ማታ 1 ሰዓት። በየመሐሉ ባሉት ሰዓታት ውሃ፣ ሻይ ወይም መረቅ ይጠጡ፤ ይህም ከወተቱ ውጪ ከ1 እስከ 1.5 ሊትር መድረስ አለበት።

ሆድዎን የሚነፋው የወተቱ ስኳር ላክቶስ ነው። ብዙ አዋቂ ሰው ላክቶስን የሚፈጭበት ኃይል ከልጅነቱ ያነሰ ስለሆነ፣ በአንድ ትንፋሽ የተጨለጠ ብርጭቆ ሳይፈጭ አንጀት ይደርሳል፤ ውሃም ይስባል፣ ጋዝም ይሠራል። አንዱን ብርጭቆ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እየተጎነጩ ይጨርሱት፤ ከሰባቱ ሦስቱን ወይም አራቱን በእርጎ ይተኩ። እርጎው ከተፈላና ከተገፈፈ ወተት፣ በንጹሕ ዕቃ፣ እርሾ ተጨምሮበት የተሠራ ይሁን፤ ላክቶሱን በከፊል ተሐዋስያኑ ስለሚበሉት ሆድ ይታገሠዋል። በሦስት ቀን ካልተሻለዎት ወተቱን ትተው ላክቶስ ወደወጣለት የፕሮቲን ዱቄት እንዲያዛውሩዎት የሥነ ምግብ ባለሙያዎን ይጠይቁ። ተቅማጡ ደም ከቀላቀለ ወይም ትኩሳት ካለው ግን የላክቶስ ነገር አይደለም፤ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

አሬራ ቅቤው ስለወጣ ሐሳቡ መልካም ነበር። ችግሩ ገበያ ላይ የሚገኘው አሬራ ካልተፈላ ወተት የተናጠ መሆኑ ነው፤ ላፍላው ቢሉ ደግሞ አይብና አጓት ሆኖ ይለያይብዎታል። ይተዉት።

ወተቱ ውሃ ተጨምሮበት ከሆነ ፕሮቲኑም በዚያው ልክ ይጎድላል። ሦስተኛው እጁ ውሃ ከሆነ ሰባት ብርጭቆ ጠጥተው የአምስት ብርጭቆ እንኳን አያገኙም። ከፈላ በኋላ ሰልባቦቱ እንደ ወረቀት ከሳሳ ይጠርጥሩ፤ ወተት የሚሰበስቡ ማኅበራት በላክቶሜትር ሊለኩልዎት ይችላሉ።

መብራት ሲጠፋ በሐዋሳ ሙቀት ወተት ቶሎ ይበላሻል። ከፍሪጅ ውጪ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየውን አይመኑት። ለመጠባበቂያ ቅባት የወጣለት የዱቄት ወተት ይያዙ፤ ለአንድ ብርጭቆ ውሃ 25 ግራም ይገባል። ሁለቱን ሳምንት በሙሉ በዱቄት ለመጨረስ 2 ኪሎ ተኩል ያህል ያስፈልጋል። ጣሳው ላይ በ100 ግራም ውስጥ ያለውን የቅባት መጠን ይዩ፤ 1 ግራም አካባቢ ከሆነ እርሱ ነው፣ 26 ወይም 28 ካለ ሙሉ ክሬም ነው። የሕፃናት የዱቄት ወተት ለዚህ አይሆንም።

ፍልሰታ ላይ ከወደቀስ?

ጥያቄ፦ ቀዶ ሕክምናዬ ነሐሴ 16 ነው። ሁለቱ ሳምንት ልክ ከፍልሰታ ጋር ገጠመ። ወተት አልጠጣም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ በመጀመሪያ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ለሕመምተኛ የሚሆነውን የሚነግሩዎት እርሳቸው ናቸው። ጾሙን እይዛለሁ ካሉም መንገድ አለ፦ ስኳር ያልገባበት የአኩሪ አተር ወተት ከዕፅዋት ፕሮቲን ዱቄት ጋር። ቤት ሲሠሩት 100 ግራም አኩሪ አተር አሳድረው ይዘፍዝፉ፣ ልጣጩን ይፈትጉ፣ በ1 ሊትር ውሃ ፈጭተው በጨርቅ ያጥሉ። ከዚያ መፍላት ከጀመረ በኋላ 20 ደቂቃ ያፍሉት። ይህን ማሳጠር አይቻልም፤ ጥሬ አኩሪ አተር የፕሮቲን መፈጨትን የሚያግድ ነገር አለበት፣ ሆድም ያውካል። ከአንዱ ሊትር 25 ግራም ገደማ ፕሮቲን ያገኛሉ። አንድ ሊትር ተኩል ጠጥተው በላዩ አንድ መስፈሪያ የዕፅዋት ፕሮቲን ከጨመሩ 60 ይሞላል።

የማንስማማው እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ በመቆየቱ ላይ ነው። ሁለት ሊትር ተኩል ፈሳሽ ከ9 ሰዓት እስከ መኝታ አይገባም፤ ያለ ውሃ መዋሉም በዚህ ምግብ ላይ ራስ ያዞራል። ሙስሊም አንባቢዎቻችንም ቀጠሮው ረመዳን ውስጥ ከወደቀ ቀን ማስቀየሩ ይቀላል።

የእናቴ መድኃኒት

ጥያቄ፦ እናቴ 56 ዓመቷ ነው፤ ስኳርና ደም ግፊት አለባት። ግሊቤንክላማይድ፣ ሜትፎርሚን፣ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ትወስዳለች። ነገ ፈሳሹን ልትጀምር ነው። መድኃኒቱን እንደነበረ ትቀጥል?

መልስ፦ ነገ አትጀምር። መጀመሪያ መድኃኒቱን ያዘዙላት ሐኪም ይዩአት፤ ቀጠሮ ከሌለ በስልክም ቢሆን ይድረሷቸው።

ግሊቤንክላማይድ ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚገፋ ነው፤ እናትዎ በሉም አልበሉም መግፋቱን አያቆምም። እስከ ትናንት እንጀራ ይጠብቀው የነበረ መድኃኒት ነገ የሚያገኘው ወተት ብቻ ከሆነ ስኳራቸው ይወርዳል። ኢንሱሊን ለሚወስዱም ያው ነው። ስለዚህ እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ይቀነሳሉ ወይም ይቆማሉ። ሜትፎርሚን ለብቻው ስኳርን ከልክ በታች አያወርድም፤ ብዙ ጊዜ ይቀጥላል። ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኢምፓግሊፍሎዚን የሚባሉትን የስኳር መድኃኒቶች የምትወስዱ ካላችሁ ደግሞ፣ ካርቦሃይድሬት ሲቀንስ ደምን አሲድ ሊያደርግ ስለሚችል ፈሳሹ ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ይህ አደጋ ስኳሩ ከፍ ሳይልም ይመጣል፤ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ የትንፋሽ መፍጠን ካያችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

የግፊቱ ነገር ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሰውነት ውሃና ጨው ይጥላል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ የሚያሸና መድኃኒት ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ከአልጋ ሲነሱ ዓይን ይጨልማል፣ ይወድቃሉ። በየቀኑ ጠዋት ግፊታቸውን ይለኩላቸው፤ መጀመሪያ ተቀምጠው፣ ቀጥሎ ቆመው።

ስኳራቸውን ቢያንስ ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ ይለኩ። ከ70 በታች ከወረደ፣ ወይም ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ካዩ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ያጠጧቸው። ወተቱ ለዚህ አይደርስም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመው ይለኩ፣ ካልወጣ ይድገሙ። «ዳየቱ ይበላሻል» ብለው እንዳያመነቱ። ራሳቸውን ከሳቱ ምንም በአፋቸው ሳያደርጉ ወደ ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው።

ኩላሊት የታመመ፣ ዋርፋሪን (የደም ማቅጠኛ) የሚወስድ፣ ያረገዘች ወይም የምትጠራጠር ሴት ይህን ምግብ ያለ ሐኪም ክትትል እንዳይጀምሩ።

ሦስተኛው ቀን

ጥያቄ፦ ራሴ ሊፈነዳ ነው፣ ሁሉ ነገር ያናድደኛል፣ አፌ ይሸታል፣ አራት ቀን ሽንት ቤት አልወጣሁም። ቡናም ተውኩ። ይህ ደኅና ነው?

መልስ፦ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ያለው ከሁሉም የከፋ ነው፤ አብዛኛው ሰው ከአምስተኛው ቀን ወዲያ ይቀለዋል። የአፍ ጠረኑ ሰውነት ስብ ማቃጠል የመጀመሩ ምልክት ነው፤ ምላስዎን ይቦርሹ፣ ውሃ ይጨምሩ።

ለራስ ምታቱ ሦስት ምክንያት አለ፤ የውሃና የጨው ማነስ፣ የስኳር መቅረት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቡና በአንዴ መተው። በቀን አቦል ቶና በረካ ይጠጣ የነበረ ሰው ድንገት ሲያቆም ራሱን ቢያመው አይገርምም። ወረቀትዎ ካልከለከለ በቀን አንድ ወይም ሁለት ሲኒ ይጠጡ፤ ስኳርም ቅቤም አይግባበት፣ ቆሎና ፈንዲሻውም ይለፍዎ። አንድ ሲኒ ጨዋማ መረቅ ብዙ ጊዜ ከክኒን ይሻላል። ክኒን ካስፈለገ ፓራሲታሞል ይሁን፤ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ጨጓራ ስለሚጎዱ ከቀዶ ሕክምናው በፊት አይነኩም።

ድርቀቱ አሰር (ፋይበር) የሌለው ምግብ ውጤት ነው። ተልባ ቆልተው ፈጭተው አንድ የሻይ ማንኪያ በብርጭቆ ውሃ ዘፍዝፈው፣ አጥልለው ያለ ማር ይጠጡ። በሦስት ቀን ካልሠራ ፋርማሲ ላክቱሎስ አለ፤ የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ ሐኪም ሳይጠይቁ አይውሰዱት። ሆድ ቁርጠትና ትውከት ከመጣ ግን ቤት አይቆዩ።

ጉርሻ

ጥያቄ፦ ባለትዳርና የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ቁሌቱን የማቁላላው እኔ ነኝ። በዚህ ላይ ለቅሶ ቤት አለ፤ «ትንሽ ቅመሺ» ሲሉኝ እምቢ ማለት ነውር ይሆንብኛል።

መልስ፦ ቁሌት እያማሰሉ መራብ ሰው የሚችለው ነገር አይደለም፤ ከራስዎ ጋር ግብግብ አይግጠሙ። ከመጀመርዎ በፊት ባለው ቅዳሜ የሁለት ሳምንት ቁሌት አቁላልተው በየዕለቱ ከፋፍለው ፍሪዘር ያስገቡ፤ ከዚያ ወዲያ ውሃና ሥጋ ወይም ምስር ጨምሮ ማንሳት ልጆቹም ባለቤትዎም ይችላሉ። ጨውን ቀምሶ የሚያየው ሌላ ሰው ይሁን። በምላስ ጫፍ የተጀመረ በማንኪያ ያልቃልና። ምግብ ሲቀርብ ከማዕድ አይራቁ፤ የእርስዎን ብርጭቆ ይዘው ይቀመጡ፣ ልጆች እናታቸው እንደታመመች እንዳይመስላቸው።

ለቅሶ ቤት ሲሄዱ ወተትዎን ጠጥተው ይሂዱ። «ዳየት ላይ ነኝ» ያሉ እንደሆነ ጉርሻው ይበረታል፤ ሁሉም መካሪ ይሆናል። «ሐኪም ለምርመራ ምግብ ከልክሎኛል» ይበሉ፤ ከእውነቱ ብዙ አይርቅም፣ ሐኪም ያለውን የሚሞግት ሰው ጥቂት ነው። ጥቁር ሻይ ተቀብለው በእጅዎ ይያዙ። ባዶ እጅ ነው ሳህን የሚጠራው። ለአንድ የቅርብ ሰው፣ ለእህትዎ ወይም ለጎረቤትዎ፣ እውነቱን ይንገሩ፤ ሰው ሲጫንዎት የሚመልስልዎ ይኖራል።

ጫት ረሃብ ያስረሳል

ጥያቄ፦ ከሰዓት ትንሽ ስቅም ረሃቡ ጭራሽ አይሰማኝም። ዳየቱን አላፈረስኩም አይደል?

መልስ፦ ረሃቡ መጥፋቱ እውነት ነው፤ ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። በዚያው የልብ ምት ያፈጥናል፣ ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ድርቀት ያመጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ሳያውቅ ከገቡ ግፊትዎና ልብዎ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ያልተጠበቀ ነገር ያሳያሉ። ጫቱ የሚጠራው ለስላሳና ለውዝም አለ። አሁኑኑ ያቁሙ፤ ለማደንዘዣ ባለሙያውም ስንት ዓመት እንደቃሙና መቼ እንዳቆሙ ሳይቀንሱ ይንገሩ። ሲጋራም ይጨምራል።

እሑድ ቀን ተንሸራተትኩ

ጥያቄ፦ በሰባተኛው ቀን አንድ እንጀራ በጥብስ በላሁ። ሁሉም ተበላሸ?

መልስ፦ አልተበላሸም። አንድ ሙሉ እንጀራ የቀኑን ካርቦሃይድሬት ብቻውን ሊጨርስ ስለሚችል ግላይኮጅኑ በከፊል ተመልሷል፤ ሚዛን ላይ አንድ ኪሎ ከጨመሩም አብዛኛው ውሃ ነው። የሚጎዳው «አንዴ ፈርሷል» ተብሎ ሰኞም ሲደገም ነው። ለማካካስም አይጹሙ፤ ቀጣዩን ብርጭቆ በሰዓቱ ይጠጡ። ለሐኪሙ ግን ይንገሩ፤ ከበሉት ይልቅ የደበቁት ያስቸግራቸዋል። የባሰው ሸርተቴ እንዲያውም ከመጀመሩ በፊት ያለው ነው፦ «ስንብት» ብለው ሦስት ቀን ክትፎና ዶሮ የሚበሉ አሉ፤ ጉበቱ ከነበረበት ጨምሮ ይጀምራሉ።

አዲስ አበባ እስክደርስ

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ በአውቶቡስ ነው የምሄደው። ወተቱን እንዴት ልያዝ? የመጨረሻዋ ብርጭቆስ መቼ ናት?

መልስ፦ ፈሳሽ ወተት ይዘው አይጓዙ። ቅባት የወጣለትን የዱቄት ወተት 25፣ 25 ግራም በትናንሽ ንጹሕ ላስቲክ አስረው ይያዙ፤ የግማሽ ሊትር የታሸገ ውሃ ግማሹን ጠጥተው፣ በቀረው ላይ አንዱን እስር ጨምረው ይናጡት፣ አንድ ብርጭቆዎ ተዘጋጀ። ዱቄቱን በሙቅ ውሃ ላይ አይበትኑት፣ ይጓጉላል። መንገዱ ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መኪናው በቆመ ቁጥር ወርደው ይራመዱ፣ ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ መዋል የእግር ደም ሥር ውስጥ ደም ያረጋል። ባቱ ላይ የሚጠበሰው ዓሣ መሽተቱ አይቀርም፤ ከዚያ በፊት አንዱን ብርጭቆ ይጨርሱ። ከቀጠሮው በዋዜማው ማታ ሳይሆን ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት ይግቡ፤ የደም ምርመራ ሊደገም ይችላል።

ስለ መጨረሻዋ ብርጭቆ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ «ፈሳሽ» ስንለው የቆየነው ወተት በማደንዘዣ ሕግ እንደ ምግብ ነው የሚቆጠረው፤ ጨጓራ ውስጥ ይረጋል፣ በማደንዘዣ ጊዜ ወደ ሳንባ ከተመለሰ አደገኛ ነው። የተለመደው ልክ ወተት 6 ሰዓት፣ ውሃና ጥቁር ሻይ 2 ሰዓት ቀድመው መቆማቸው ነው። ጠዋት 2 ሰዓት የሚገቡ ከሆነ ወተቱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ወዲያ፣ ውሃው ከንጋቱ 12 ሰዓት ወዲያ አይነካም፤ ለወተቱ የዋዜማው ማታ ብርጭቆ የመጨረሻዋ ትሁን። ሆስፒታሉ ከዚህ የጠበቀ ሰዓት ከሰጠዎት እርሱን ይያዙ። ጠዋት የሚዋጡ መድኃኒቶች ካሉ የትኞቹ በጉንጭ ውሃ እንደሚዋጡ ዋዜማውን ይጠይቁ።

ደግሞ ወረቀቱ ላይ «ከ6 ሰዓት ጀምሮ ምንም አይወሰድ» ተብሎ ከተጻፈ 6 ሰዓቱ እኩለ ሌሊት ነው ወይስ የፈረንጆቹ 6 ሰዓት፣ ማለትም በኛ አቆጣጠር ንጋት 12 ሰዓት? ነርሷን ይጠይቁና «ሌሊት» ወይም «ንጋት» የሚለውን ቃል በእጅዎ ከጎኑ ይጻፉበት።